ኤርምያስ 6፥1ን ከዕብራይስጡ መረዳት፦ የማስጠንቀቂያ ጥቅስ እንዴት ይነበባል?

ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 1 ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሰማሁት በቁጣ ድምፅ ነው። ሰባኪው "ከሰሜን" የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ያነሣል፤ ምእመኑ አንገቱን ይደፋል፤ ሁሉም ፈርቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ፈርቼ ገብቻለሁ። ጥቅሱን ከዕብራይስጡ ጋር አስተያይቼ ቀስ ብዬ ያነበብሁት ጊዜ ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። ነቢዩ ሰዎችን ከሚቃጠል ቤት እያስወጣ ነው። ማን ይውጣ፣ ከየት ይውጣ፣ በየት በኩል ይሂድ፣ ጆሮው ምን ይስማ፣ ዓይኑ ምን ይይ፣ ሁሉም በአንድ ጥቅስ ውስጥ አለ። ያንን መንገድ ደረጃ በደረጃ ላሳይ።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው ካርታ፣ ደብተርና እርሳስ። ዕብራይስጥ ማወቅ ግዴታ አይደለም። አማርኛና ግዕዝ የዕብራይስጥ ዘመድ ስለሆኑ ሌላው ዓለም በመዝገበ ቃላት የሚፈልገውን እኛ ግማሹን በጆሮአችን እናገኘዋለን።

አንደኛ፦ ጥቅሱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ

ዕብራይስጡ በእኛ ፊደል ሲጻፍ በግምት እንዲህ ይነበባል፦

ሃዒዙ ብኔ ቢንያሚን ሚቄሬብ ይሩሻላይም፤
ኡቢትቆዓ ቲቅዑ ሾፋር፤
ወዓል ቤት ሃኬሬም ሥኡ መሥኤት፤
ኪ ራዓ ኒሽቅፋ ሚጻፎን ወሼቤር ጋዶል።

ቃል በቃል ስመልሰው ደግሞ፦ "እናንተ የብንያም ልጆች፣ ከኢየሩሳሌም መካከል ወጥታችሁ ተጠለሉ፤ በቴቁሔ ቀንደ መለከት ንፉ፤ በቤትሐካሪም ላይ የእሳት ምልክት አንሡ፤ ክፉ ነገር ከሰሜን ብቅ ብሎ እያየ ነውና፣ ታላቅም ስብራት።"

ሦስት ጊዜ አንብቡት። በሁለተኛው ንባብ ላይ "ቢትቆዓ ቲቅዑ" የሚለው ጆሮአችሁን ይነካዋል። ቴቁሔ የከተማ ስም ነው፤ "ቲቅዑ" ማለት "ንፉ" ነው። ነቢዩ በስሙ ውስጥ ያለውን ድምፅ አውጥቶ ትእዛዝ አድርጎታል። በግዕዝም ጠቅዐ ማለት መለከት ነፋ፣ ደወል ደወለ ማለት ነው፤ መጥቅዕም ከእርሱ የወጣ ነው። በየዓመቱ አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት በባሕረ ሐሳብ "መጥቅዕ" እያልን የምንቆጥረው ይኸው ቃል ነው። እንግዲህ የኤርምያስን የቃል ጨዋታ ያለ አስተርጓሚ መስማት የሚችል ሕዝብ ነን ማለት ነው፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

"ሥኡ መሥኤት"ም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፦ ግዕዙ ነሥአ፣ አማርኛው "አነሣ" የሚለው። "የሚነሣውን አንሡ" እንደ ማለት ነው። ሼቤር ደግሞ ሰበረ፣ ስብራት ነው። እዚህ ላይ ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ ለምን ሁለት ሆኑ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ጥሩ መልስ አለ። ነሥአ በንጉሡ ሠ፣ ሰበረ በእሳቱ ሰ ይጻፋሉ፤ ዕብራይስጡም በሁለቱ ቃላት ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለይቶ ይጠብቃቸዋል። ዛሬ በአነጋገራችን ልዩነታቸው ቢጠፋም የጥንቱ አጻጻፍ ምስክርነቱን አልተወም።

ሁለተኛ፦ የመጀመሪያውን ግስ አትዝለሉ

ብዙ አንባቢ ወደ መለከቱና ወደ እሳቱ ይሮጣል። የጥቅሱ ቁልፍ ግን "ሃዒዙ" ነው፤ ተርጓሚዎችም የተለያዩት በእርሱ ላይ ነው።

የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ቃሉን ከብርታት ጋር አያይዞ "በርቱ" ብሎ ተረጎመው። የጥንቱ የላቲን ትርጉም ከዚያም አልፎ "በኢየሩሳሌም መካከል በርቱ" የሚል ሆነ። ዕብራይስጡ "ከመካከል" ሲል ላቲኑ "በመካከል" ማለቱን ልብ በሉ። አንዱ ውጡ ይላል፣ ሌላው ባላችሁበት ጽኑ ይላል። በአደጋ ቀን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው።

የትኛው ይሻላል? እኔ የሚያሳምነኝ "ተጠለሉ፣ ወደ መሸሸጊያ ሂዱ" የሚለው ነው። ምክንያቴም ግሱ በሌሎች ቦታዎች የሚሠራው ሥራ ነው። በብሉይ ኪዳን በዚህ መልኩ የሚገኘው በጣት በሚቆጠሩ ቦታዎች ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ምሽት ማየት ይቻላል።

ዘጸአት 9፥19ን አውጡ። በረዶ ሊወርድ ሲል ሙሴ ለፈርዖን፣ ከብቶችህንና በሜዳ ያለህን ሁሉ ልከህ አስጠልል ይለዋል። "አስጠልል" የሚለው ያው ግስ ነው። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ደግሞ አንብቡ፦ ከፈርዖን ሹማምንት መካከል ቃሉን የፈራ ሰው አገልጋዮቹንና ከብቶቹን ወደ ቤት አስገባ። ማስጠንቀቂያው ለጠላት እንኳ የመዳኛ ሰዓት ሰጥቷል። ቀጥላችሁ ኢሳይያስ 10፥31ን እዩ፤ ከሰሜን በኩል በሚመጣ ሠራዊት ፊት የመንደር ሰዎች ሲሸሹ ያው ግስ ተጽፏል። ከፍ ብሎ በቁጥር 30 ላይ ከተጠሩት መንደሮች አንዷ ዓናቶት ናት፤ የኤርምያስ የትውልድ መንደር።

ዓረብኛ ለሚያውቅ ሰው ሌላ መንገድ አለ። የአገራችን ሙስሊሞች ቁርኣን ሊያነብቡ ሲጀምሩ "አዑዙ ቢላህ" ይላሉ፤ "በአላህ እጠለላለሁ" ማለት ነው። የ"አዑዙ" ሥርና የ"ሃዒዙ" ሥር ዘመዳሞች ናቸው። አንድ ኢትዮጵያዊ ከግዕዙም ከዓረብኛውም ደጃፍ ተነሥቶ ወደዚህ ጥቅስ መግባት ይችላል።

"በርቱ" የሚለውን ንባብ ግን አጥፍታችሁ አትጣሉት። በአንድምታው ልማድ አንዱን ከሌላው አጠገብ አስቀምጡት። የግዕዝ ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ የተተረጎመ ስለሆነ አባቶቻችን የተማሩበትን ንባብ ማወቅ ይገባናል። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፤ የትኛውን እንደ መረጣችሁና ለምን እንደ መረጣችሁ ጨምሩበት።

ሦስተኛ፦ ካርታውን ዘርጉ

አራት ነጥቦች አኑሩ። ኢየሩሳሌም መካከል ላይ ትሁን። የብንያም ምድር ከእርሷ በስተ ሰሜን ነው፤ ዓናቶት ወደ ሰሜን ምሥራቅ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። ቴቁሔ ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ 16 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ከቤተ ልሔም አልፎ፣ የይሁዳ ምድረ በዳ በሚጀምርበት አፋፍ። ቤትሐካሪም፣ ትርጉሙ "የወይን ቦታ ቤት"፣ በመካከላቸው ናት። ብዙ ተመራማሪዎች ዛሬ ራማት ራሔል የሚባለው ኮረብታ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ዓይን ካሬም ነው የሚሉም አሉ። ራማት ራሔልን አርኪዮሎጂስቱ ዮሐናን አሃሮኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ ቆፍሮ የይሁዳ ነገሥታት ዘመን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አግኝቶበታል። ኮረብታው ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ለልደት ከኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ልሔም የሚሄዱ ተሳላሚዎቻችን በአጠገቡ ያልፋሉ።

አሁን እርሳሱን አንሡና ከሰሜን ወደ ደቡብ መስመር ጎትቱ። ብንያም፣ ኢየሩሳሌም፣ ቤትሐካሪም፣ ቴቁሔ፣ ከዚያ ምድረ በዳው። አደጋው ከሰሜን ነው፤ መለከቱና እሳቱ ግን ያሉት በደቡብ ነው። የካርታ ስሕተት ሊመስል ይችላል። በእኔ ንባብ ግን የጥቅሱ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። የጦርነት ወሬ ሲሰማ የመንደር ሰው ቅጥር ወዳለው ከተማ ይሸሻል። የብንያም ልጆችም መንደራቸው በወራሪው መንገድ ላይ ስለሆነ ወደ ኢየሩሳሌም የገቡ ይመስላሉ። ነቢዩ ግን ኢየሩሳሌም አትበቃም፣ እለፉ ይላቸዋል። እሳቱና መለከቱ ከፊታቸው፣ በሚሸሹበት አቅጣጫ ናቸው። ሌሊት ከከተማው የወጣ ቤተሰብ በቤትሐካሪም ኮረብታ ላይ እሳት ያያል፤ ቀረብ ሲል ከቴቁሔ በኩል የቀንደ መለከት ድምፅ ይሰማል። ያንን ይዞ ይሄዳል።

አራተኛ፦ ዕቃዎቹን በዓይናችሁ እዩ

ሾፋር የአውራ በግ ቀንድ ነው። እኛ ጥሩንባ ሲነፋ የምናስበው የእድር ጥሩንባ ነፊ በማለዳ በየሰፈሩ ዞሮ ሞት ሲያረዳ ነው፤ ስለዚህ ሳናውቀው "መለከት ንፉ" የሚለውን ከሐዘን ጋር እናያይዘዋለን። የእድር ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የቴቁሔው ሾፋር የሚነፋው ሰው ሳይሞት ነው። ይህን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

መሥኤት ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። አንዳንድ ትርጉሞች "ምልክት" ብለው ያልፉታል፤ አንባቢም ባንዲራ ወይም ዓርማ ይመስለዋል። የሚነሣው ግን ጭስ ወይም ነበልባል ነው። መሳፍንት 20፥38ን ተመልከቱ፤ እስራኤል ከብንያም ነገድ ጋር በጊብዓ ሲዋጉ ያደፈጡት ወታደሮች በከተማይቱ ውስጥ የጭስ መሥኤት እንዲያነሡ ተስማምተው ነበር። የብንያም ሰዎች ዘወር ብለው ጭሱ ወደ ሰማይ ሲወጣ አዩ፤ ክፉ ነገር እንደ ደረሰባቸውም አወቁ። ያ ጭስ ለብንያም የሽንፈት ምልክት ነበር። ኤርምያስ "የብንያም ልጆች" ብሎ ጠርቶ መሥኤት የሚለውን ቃል ሲያነሣ ይህ ትዝታ በሰሚው ልብ ያልተቀሰቀሰ አይመስለኝም። በዚህኛው ጥቅስ ግን እሳቱ የሚነደው ለብንያም ነው።

ለዚህ ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የተገኘ ምስክር አለ፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝም እርሱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ጄምስ ስታርኪ የተባለ እንግሊዛዊ በጥንቷ ለኪሶ በር አጠገብ ሲቆፍር በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስባሪዎች አገኘ። በወታደሮች መካከል የተላላኩ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን ከመፍረሷ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ማለትም በኤርምያስ በራሱ ዘመን የተጻፉ። አራተኛው ደብዳቤ ላይ ጸሓፊው፣ ጌታዬ በሰጠው ምልክት ሁሉ መሠረት የለኪሶን የእሳት ምልክቶች እየጠበቅን ነው፤ ዓዜቃን ማየት አንችልምና ይላል። "የእሳት ምልክቶች" ተብሎ የተተረጎመው የመሥኤት ብዙ ቁጥር ነው። አሁን ኤርምያስ 34፥7ን ክፈቱ፤ ከይሁዳ የተመሸጉ ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደ ነበሩ ይናገራል። የዓዜቃ እሳት ያልታየው ከተማይቱ ስለወደቀች ይሁን ወይም ኮረብታ ስለጋረዳት፣ ሊቃውንቱ ይከራከሩበታል። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ በጨለማ ቆሞ ወደ ኮረብታው የሚያይ ወታደር ከ2600 ዓመት በፊት በዚያው ቃል ሲጽፍ ማየት ጥቅሱን ከወረቀት ላይ ያነሣዋል።

በእስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ቃል ለጆሮአችሁ ቅርብ ነው። በነጻነት ቀን ዋዜማ በሄርዝል ተራራ የሚለኮሱት "መሱኦት" የዚያው ሥር ልጆች ናቸው።

አምስተኛ፦ ክፉው ነገር ምን እያደረገ እንደሆነ ጠይቁ

"ኒሽቅፋ" የሚለው ግስ ሰው ከመስኮት ወይም ከከፍታ ብቅ ብሎ ቁልቁል ሲያይ የሚባል ነው። በመሳፍንት 5፥28 የሲሣራ እናት በመስኮት ሆና ልጇን ስትጠብቅ የተጻፈው ይህ ቃል ነው። ኤርምያስ አደጋውን ገና አልደረሰም፣ ቀርቶአልም አይልም። ከላይ ሆኖ እያየን ነው ይላል። አዳኝ ከገደል አፋፍ ሚዳቋን ሲያይ እንደሚሆነው ነው፤ ጊዜ አለ፣ ጥቂት።

ሰሜን የተባለውም በምክንያት ነው። ባቢሎን ለኢየሩሳሌም በስተ ምሥራቅ ናት፤ በመካከላቸው ግን በረሃ አለ። ሠራዊት የኤፍራጥስን ወንዝ ተከትሎ ወደ ላይ ወጥቶ በሶርያ በኩል ስለሚወርድ ለኢየሩሳሌም ሰው ከምሥራቅ የሚነሣው ጠላት ከሰሜን ይመጣል። በምዕራፍ 6 ላይ የጠላቱ ስም አልተጠራም። በታሪክ የመጡት ባቢሎናውያን ናቸው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ኢየሩሳሌምን ያዙ፣ በ586 አፈረሷት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን። ይህን "ሰሜን" ቆርጣችሁ በዛሬ ካርታ ላይ አትለጥፉት። በየአገሩ ሰሜን አለ፤ የእኛም አገር ሰሜን አለው፣ በዚያም የሚኖሩ ወገኖች አሉን። ነቢዩ ያለው ስለ አንድ ዘመን፣ ስለ አንድ መንገድ፣ ስለ አንዲት ከተማ ነው። ጥቅሱን ጎረቤት ላይ ጣት መቀሰሪያ ያደረገ ሰው፣ የብንያምን ልጆች እንዲያወጣ የነደደውን እሳት ለቃጠሎ አውሎታል።

ስድስተኛ፦ ከምዕራፍ 4 ጋር አስተያዩት

ኤርምያስ 4፥6ን ከ6፥1 አጠገብ ጻፉት። በ4፥6 ላይም "ሃዒዙ" አለ፣ ከሰሜን የሚመጣ ክፉ ነገርና ታላቅ ስብራት አለ። ልዩነቱ አቅጣጫው ነው። እዚያ ዓላማውን፣ ማለትም የምልክቱን ሰንደቅ፣ ወደ ጽዮን አንሡ፣ ተጠለሉ፣ አትቁሙ ይላል፤ መሸሸጊያዋ ጽዮን ናት። በምዕራፍ 6 ያው ትእዛዝ ተገልብጦ "ከኢየሩሳሌም መካከል" ሆኗል። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል መጠጊያው ወጥመድ ሆኗል። ለምን እንደሆነ ምዕራፍ 5 ይናገራል፤ ነቢዩ በኢየሩሳሌም ጎዳናዎች ፍርድ የሚያደርግ አንድ ሰው ፈልጎ ያጣበት ምዕራፍ ነው። እዚያው ተቀምጣችሁ አንብቡት።

ሰባተኛ፦ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ተከተሉ

ሁለት ቦታዎች ላይ ቁሙ። የመጀመሪያው ቁጥር 3 ነው፤ እረኞች ከመንጋዎቻቸው ጋር መጥተው ድንኳኖቻቸውን በዙሪያዋ ይተክላሉ። "ይተክላሉ" የሚለው ግስ "ታቅዑ" ነው፤ በቁጥር 1 ካለው "ቲቅዑ" ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሥሩ መለከት መንፋትንም ድንኳን መትከልንም ይይዛል። ሰዎቹ መለከቱን ካልሰሙ ጠላት በዚያው ቃል ድንኳኑን ይተክላል። ይህን በየትኛውም ትርጉም ላይ አታገኙትም፤ በዕብራይስጡ ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ቁጥር 17 ነው። እግዚአብሔር፣ በላያችሁ ጠባቂዎችን አቆምሁ፣ የመለከቱን ድምፅ አድምጡ ይላል፤ እነርሱም አናደምጥም አሉ። ከፍ ብሎ በቁጥር 14 ሰላም ሳይኖር "ሰላም ሰላም" የሚሉ አሉ። የማስጠንቀቂያው ተቃራኒ በዚህ ምዕራፍ ዝምታ አይደለም፤ የሐሰት ማጽናኛ ነው።

ከዚያ ወደ 37፥11 እስከ 15 ዝለሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ የባቢሎን ሠራዊት ለጊዜው ከኢየሩሳሌም ሲርቅ ኤርምያስ ራሱ ወደ ብንያም አገር ሊሄድ ተነሣ። የወጣበት በር የብንያም በር ነበር። የዘበኞች አለቃ፣ ወደ ከለዳውያን ልትኮበልል ነው ብሎ ያዘው፤ አለቆቹም መትተው አሰሩት። "የብንያም ልጆች ውጡ" ያለው የብንያም ሰው በብንያም በር ተያዘ። ይህን ያነበበ ሰው 6፥1ን ዳግመኛ በቁጣ ድምፅ ማንበብ የሚቻለው አይመስለኝም።

ስምንተኛ፦ ብቻችሁን ሞክሩት

አሞጽ 3፥6ን ውሰዱ። መለከት በከተማ ውስጥ ሲነፋ ሕዝቡ አይንቀጠቀጥምን ብሎ የሚጠይቅ ጥቅስ ነው። ዕብራይስጡ "ኢም ዪታቃዕ ሾፋር ብዒር" ይላል። ሥሩን ፈልጉ፣ ከተማይቱ የትኛዋ ልትሆን እንደምትችል ጠይቁ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ጨምሩ። ከዚያ ወደ መጽሐፉ የመጀመሪያ ቁጥር ተመለሱና ተናጋሪው የየት አገር ሰው እንደሆነ እዩ፤ ከኤርምያስ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የተነሣ የቴቁሔ እረኛ ነው።